የሁለት ሌሊት ጉዞ ወደ ላሊበላ፦ ማራችንና ሰማችን የት እንደሚደርሱ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከጽጽቃ በመጣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው እንድናገር የጠየቀኝ በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ከጽጽቃና ከአካባቢው የተውጣጡ ንብ አናቢ አባሎቻችን ወደ ላሊበላ ስላደረጉት የልምድ ልውውጥ ጉዞ ነው። ጉዞው አጭር ነበር፤ ዓርብ ሄደን እሑድ ተመለስን። ስድስት ዓመት ያለፈውን የሁለት ሌሊት ጉዞ ዛሬ ማንሣት ለምን አስፈለገ የሚል ይኖር ይሆናል። ምክንያቱ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባዔ የሰም መጭመቂያ መግዣና የማር ማከማቻ ቤት መሥሪያ ገንዘብ ከዘንድሮው ትርፍ ላይ ይነሣ ወይስ ትርፉ በሙሉ ለአባላት ይከፋፈል የሚለው ጉዳይ ለውሳኔ ስለሚቀርብ ነው። ሐሳቡን የማይደግፉ አባላት «ላሊበላ ሄዳችሁ ምን አመጣችሁ? ሆቴሎቹ ውል እንገባለን አሉ፣ ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ሁሉም ቀረ» ይላሉ። የሆቴሎቹን በተመለከተ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በዚያ ጉዞ ያየነው ሆቴል ብቻ አልነበረም፤ የቀረውን ሳይነግሯችሁ ድምፅ እንድትሰጡ ስላልፈለግሁ ነው የቆምሁት።

በመጀመሪያ ለምን ላሊበላ እንደተመረጠ ልግለጽ። ባሕር ዳር ወይም መቀሌ ይሻላል ያሉ ነበሩ፤ ከተማው ይሰፋል፣ ገበያውም ይበዛል በማለት። ይሁን እንጂ ለእኛ አንድ ቀን በማይሞላ መንገድ የሚደረስ፣ የራሱ እርሻ ብዙም የማይበቃው፣ እንግዳ የማያጣው ከተማ ላሊበላ ነው። በዚያም ላይ ላሊበላ ባዕድ አገር አይደለም። ዛሬ ትንሽ ከተማ ትሁን እንጂ ሮሐ ተብላ ስትጠራ በነበረበት ዘመን የዛጔ ነገሥታት ዋና ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1270 መንግሥቱ ወደ ይኩኖ አምላክ ከተላለፈ በኋላ የዛጔ ዘር በእኛው አገር በዋግ እንደቀጠለ፣ ዋግሹሞችም ከዚያ የዘር ሐረግ እንደሚቆጠሩ አባቶች ሲነግሩን አድገናል። ከእነዚህ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ከአፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እስከ መንገሥ ደርሰዋል። ስለዚህ ከሰቆጣ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው ከአንድ አሮጌ መናገሻ ወደ ሌላ አሮጌ መናገሻ ነው የሚሄደው። ይህንን የምለው ለኩራት ያህል ሳይሆን፣ የከተማዋ ሰዎች «ከዋግ ነን» ስንላቸው የተቀበሉን እንደ ዘመድ ስለነበረ ነው። ገበያ ውስጥ ይህ ዋጋ አለው።

ሃያ ሁለት ነበርን፤ ሰባቱ ሴቶች ናቸው። ከጽጽቃ ሌሊት ተነሥተን ሰቆጣ ቁርስ በላንና የሌሎች ማኅበራት ተወካዮችን ይዘን በአንድ ቅጥቅጥ ጉዞ ቀጠልን። እያንዳንዱ አባል የራሱን ማር በትንሽ ዕቃ እንዲይዝ ተነግሮት ነበር። አንዳንዱ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አንዳንዱ በቅል፣ አንዷ እናት ደግሞ በአሮጌ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። እኔ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የማር የውኃ መጠን የሚለካውን መሣሪያ ተውሼ ነበር። ትንሽ ናት፤ እንደ መነጽር በዓይን የሚታይባት፣ አንድ ጠብታ ማር ብቻ የምትፈልግ መሣሪያ ናት። በኋላ ብዙ ክርክር የፈታችልን እርሷ ናት።

መንገዱ ጠጠር ነው፣ ያንገላታል። ከእኛ ቆላ ተነሥቶ ወደ ላስታ ደጋ ሲወጣ ብርዱም ይለወጣል። አንድ የጽጽቃ አባት፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ተከዜን ሲሻገሩ የኖሩ፣ ወንዙ የሚነሣው ከእነዚያ ተራሮች መሆኑን ስነግራቸው በመስኮት ብዙ ካዩ በኋላ «ለካ ውኃችን ከዘመድ ቤት ነው የሚመጣው» አሉ። እስከ ማታ ድረስ ሲሳቅበት ዋለ።

ቢልባላ ስንደርስ ለግማሽ ሰዓት ወረድን። ቢልባላ ጊዮርጊስ ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በግድግዳው ላይ ንቦች ከጥንት ጀምሮ ቤት ሠርተው ይኖሩበታል። ማሩ እንደ ጠበል ይቆጠራል፤ በተለይ ለቆዳ በሽታ ሕሙማን ይወስዱታል። እኛ ንብ አናቢዎች ስለሆንን ከጸሎቱ በኋላ ዓይናችን ከንቡ ላይ አልነቀል አለ። መግቢያቸው ከፍ ያለ፣ ከነፋስ የተጠለለ ነው፤ ጉንዳን የሚወጣበት ቅርንጫፍ የለም፣ ጢስ የሚያጨስባቸው፣ ቀፏቸውን የሚያንቀሳቅስባቸውም የለም። አንዱ አባላችን «እኛ በዓመት ሦስት ጊዜ እየከፈትን ንቡ ጠፋ እንላለን» አለ። ኮሌጅ ሳለን በሁለት ሴሚስተር የተማርነውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰው።

ንብና መንግሥት በዚያ አገር አይለያዩም። ንጉሡ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበውት እናቱ ይህ ልጅ ይነግሣል ብላ ላሊበላ እንዳለችው፣ ስሙም ከአገውኛ የመጣና ንብ ንግሥናውን ዐወቀለት ማለት እንደሆነ ይነገራል። ኽምጣንግ የሚናገሩ አባሎቻችን በስሙ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ የእኛ ቋንቋ የከተማ ስም ሆኖ በዓለም ይጠራል አሉ።

ንብና ዋና ከተማ የሚገናኙት በላሊበላ ብቻም አይደለም። በአውሮፓ ስሎቬኒያ የምትባል ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አገር አለች፤ ዋና ከተማዋ ሉብሊያና ወደ ሦስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ብቻ የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ በሕንፃዎች ጣሪያ ላይ ሳይቀር ቀፎ ይቀመጣል፤ የከተማው አስተዳደርም እንግዶች እየተዘዋወሩ ስለ ንብ የሚያዩበት መንገድ አዘጋጅቷል። የዚያ አገር ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ የቀፏቸውን የፊት ሳንቃ በሥዕል ያስጌጡ ነበር፤ ንቡም ባለቤቱም ቀፎውን ይለይበታል ይላሉ። አንቶን ያንሻ የሚባል የገበሬ ልጅ ከዚያ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1770 በቪየና የንብ እርባታ አስተማሪ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግንቦት 12 ቀን የዓለም የንብ ቀን እንዲሆን የወሰነው በእርሱ ልደት መታሰቢያነት፣ በስሎቬኒያ ጥያቄ ነው። ይህንን የምጠቅሰው ስለ ብዛት ከሆነ እኛ ስለማናንስ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ ናት፤ በሰምም ከዓለም ቀዳሚዎቹ መካከል ትቆጠራለች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2008 ማር ሊልኩለት ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል። እነርሱ የበለጡን ማራቸውንና ሰማቸውን ለይተው፣ ስም ሰጥተው፣ ከየት እንደመጣ ጽፈው በመሸጣቸው ነው። የእኛ ነጭ ማር ላሊበላ ሲደርስ ግን ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ያመጣው ነጋዴ ብቻ ነበር።

ዓርብ ማታ ደርሰን አደርን። ቅዳሜ ማለዳ አብያተ ክርስቲያናቱን ተሳለምን። ስለ አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እኔ ልናገር አልችልም፤ ያየ ያውቀዋል፣ ያላየም ሄዶ ይይ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። አባሎቻችንን ያስደነቀው ሌላ ነገር ግን ልንገራችሁ፦ በዚያን ጊዜ አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ለመግቢያ ብቻ 50 የአሜሪካ ዶላር ይከፍል ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 1,600 ብር ነው። አንዲት እናት «ለመግቢያ ይህን ከከፈለ ለቁርሱ ማር ስንት ይከፍላል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ ወደ ሆቴሎቹም የወሰደን እርሱ ነው። እግረ መንገዴን ልበል፣ ከሰቆጣ አጠገብ ያለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስም ከዐለት የተፈለፈለ ነው፤ ከእኛ ከሃያ ሁለታችን ግን ገብቶ ያየው ስድስት ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ።

በሆቴሎቹ የተነገረን በአጭሩ ይኸው ነው። ማራችሁ መልካም ነው፣ ጣዕሙም ሽታውም ጥሩ ነው፤ ግን ዛሬ ነጭ፣ ነገ ቀይ፣ ከነገ ወዲያ ምንም ከሆነ አንገዛም። የተጣራ እንፈልጋለን። የጢስ ሽታ ያለበትን አንቀበልም። በየወሩ የተወሰነ መጠን እንፈልጋለን። ደረሰኝ እንፈልጋለን። ይህች የመጨረሻዋ ብዙዎቹን አሳዘነቻቸው፤ አንድ ገበሬ ሁለት ቆርቆሮ ማር ይዞ ሄዶ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ዩኒየን ግን ደረሰኝ አለው። የኅብረት ሥራ ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት ምን ይጠቅማል እያላችሁ በየስብሰባው የምትጠይቁኝ፣ አንዱ ጥቅም እዚያ የሆቴል ጓዳ ውስጥ ታየ።

መሣሪያዋንም ያወጣሁት እዚያ ነው። ከያዝናቸው ማሮች አምስቱ የውኃ መጠናቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ማር ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ውኃው ከመቶ ሃያ እጅ እየበለጠ ሲሄድ መፍላት ይጀምራል። ዋናው ምክንያት እንጀራው በሰም ሳይታሸግ መቁረጥ ነው። ንቧ ማሩ ሲደርስ ራሷ ትከድነዋለች፤ ከእንጀራው ሦስት አራተኛው ሳይከደን የሚቆረጥ ማር ጥሬ ነው። አምስቱም ባለቤቶች በጥቅምት መጀመሪያ የቆረጡ ነበሩ፤ ለምን ሲባሉ ሁሉም ዕዳ ነበረብን አሉ። ይህንን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከሆቴሎቹ አንዱ ከፋሲካ በኋላ በየወሩ እንዲቀርብለት በቃል ተስማማ። ፋሲካ ሳይደርስ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ፤ ጎብኚም ቀረ፣ ሆቴሉም ተዘጋ። ነቃፊዎቻችን የሚያውቁት እዚህ ድረስ ያለውን ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜ ገበያና ወደ ጠጅ ቤቱ ልውሰዳችሁ። የላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ትልቅ ነው። በማር ተራው ድፍድፍ ማር በቆርቆሮ ይሸጣል፤ ከሻጮቹ አንዱን ከየት እንደመጣ ብንጠይቀው «የዋግ ነው፣ አንደኛ ነው» አለን፤ እኛ ከዋግ መሆናችንን አላወቀም። ዋጋው በዚያው ሰሞን ጽጽቃ ላይ ከሸጥነው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ነጋዴው በደለን ለማለት አይደለም። መኪና ተከራይቷል፣ መንገድ ላይ አድሯል፣ ቆርቆሮ ቢፈስበት ኪሳራው የራሱ ነው። ቢሆንም ልዩነቱ በአንድ ሰው ኪስ ይገባል ወይስ በሁለት መቶ አባላት የሚለው የእኛ ምርጫ ነው።

ከገበያው አንዲት የጠጅ ቤት ባለቤት ተከትለን ሄድን። በዕድሜ የገፉ፣ ቀልድ የሚያውቁ እናት ናቸው። ማራችንን ቀምሰው «ይህን አውቀዋለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ የምጥለው በእሱ ነው፣ ግን ሰፈፉ ይበዛል» አሉ።

ከእኛ አንዱ «ሰፈፉን ታዲያ ምን ያደርጉታል እትዬ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ምን አደርገዋለሁ? ጠጁን አጥልዬ ሰፈፉን ለሰም ነጋዴ እሸጣለሁ እንጂ! የልጆቼ ደብተር የሚገዛው ከእሱ ነው» አሉ።

ዝም ተባለ። ቅድም ስለ ተከዜ የቀለዱት አባት ነበሩ ዝምታውን የሰበሩት። «እኛ እኮ ሰፈፉን ማሩ ላይ የምንተወው ሚዛን እንዲደፋልን ብለን ነው። እርሳቸው ደግሞ ሰፈፍ ይበዛል ብለው ከዋጋው ይቀንሱልናል፣ ከዚያ ሰፈፉን ይሸጡታል።» ሴትዮዋ ሳቁና «እኔ ምን ላድርግ፣ እናንተ አመጣችሁልኝ» አሉ። ጠጅም በነጻ ጋበዙን። ሒሳቡ ሲታይ ግብዣው የሚገባን ነበር።

በአገራችን የሚሰበሰበው ሰም አብዛኛው የሚወጣው ከጠጅ ቤት ነው፤ ገበሬው ድፍድፍ ይሸጣል፣ ሰሙን ሌላ ያወጣዋል። በግምት ከአሥር ኪሎ ድፍድፍ ማር አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ሰም ይወጣል። ከአንድ ባህላዊ ቀፎ በዓመት ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ ማር የሚቆርጥ አባል ሃያ ቀፎ ካለው፣ በየዓመቱ ወደ አሥር ኪሎ ሰም ከማሩ ጋር ሸኝቶ ይልካል ማለት ነው።

ያ ሰም ወዴት እንደሚሄድ ያየነው በማግስቱ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በፊት ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ስንወርድ በመንገዱ ዳር ጧፍ የሚሸጡ ሴቶችና ልጆች ተደርድረዋል። ከእነርሱ ከአንዲት ወጣት ላይ ጧፍ ገዝተን አየነው፤ ነጭ፣ የሚያዳልጥ፣ ሲሸት የንብ ሽታ የሌለው ነው። ሰም ነው ወይ አልናት። «የፋብሪካ ነው፤ የንቡ ቢገኝ ኖሮ እሱ ነበር የሚሻለው፣ ካህናቱም እሱን ይወዳሉ፤ ግን የሚያመጣልን የለም» አለች። እኛም እዚያው ቆመን እርስ በርሳችን ተያየን። ሃያ ሁለት ንብ አናቢዎች፣ ሁላችንም ሰማችንን በማር ዋጋ ሸጠን የመጣን።

እንግዲህ ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ምን ቀረ የሚለውን እንይ። ላሊበላ ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት እጅ ስትቀያየር ቆየች። በእኛም ዞን የሆነውን እናንተው ታውቃላችሁ፤ የተፈናቀለው፣ የተቃጠለውና የተዘረፈው ቀፎ ያልደረሰበት ማኅበር ጥቂት ነው። ነገር ግን ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ገና በላሊበላ ተከበረ። ከተማዋ ከጦርነት ከወጣች ሳምንታት እንኳ በቅጡ አልሞላትም ነበር፤ የውጭ ጎብኚ እንደ ድሮው አልነበረም፣ ምእመናኑ ግን በእግርም በመኪናም መጡ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታትም መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ የሚሳለመው ሰው አልቀረም። ምእመን የሆቴል ቁርስ ማር አይፈልግ ይሆናል፤ ጧፍ ግን ይገዛል። ለልደት፣ ለጥምቀት፣ ለየወሩ በዓል፣ ለሙታን መታሰቢያ ጧፍ ይበራል። ጎብኚው ሲጠፋ ያልጠፋው ደንበኛ ይህ ነው። እኔ ከዚያ ጉዞ ተርፎ ዛሬም ይሠራል ብዬ የማምነው ነገር ይኸው ነው፤ ጉባዔው የሚቀርብለትን ሐሳብም የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰም ደግሞ የእኛን ችግር የሚችል ዕቃ ነው። ቲማቲም መንገድ ሲዘጋ ይበሰብሳል፤ ፍየል መንገድ ሲዘጋ ይከሳል፣ መኖም ይበላል። በደንብ የተቆረጠ ማር በተዘጋ ዕቃ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ሰምማ ጭራሽ አይበላሽም፤ አይጥና የሰም ብል እንዳያገኘው መጠበቅ ብቻ ነው። አሠራሩም ከባድ አይደለም። ሰፈፉ ታጥቦ በጆንያ ይታሰርና በውኃ ይቀቀላል፣ እየተጨመቀ ሰሙ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ከውኃው ላይ እንደ ቂጣ ይነሣል። ቤት ውስጥ በብረት ድስት የሞከሩት እናቶች አሉ፤ ተሳክቶላቸዋል፤ ግን በእጅ ሲጨመቅ ሰሙ ግማሽ ያህሉ በአተላው ውስጥ ይቀራል። መጭመቂያው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውኃው ከብረት ዝገት ጋር እንዳይነካካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ ሰሙን ያጠቁረዋል።

ሁለተኛ ጉዳይ አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ። ከጦርነቱ በኋላ በየማኅበሩ ዘመናዊ ቀፎ ተከፋፍሏል፤ ሳጥኑ አለ፣ ፍሬሙ አለ፣ በፍሬሙ ላይ የሚለጠፈው የታተመ ሰም ግን የለም። የታተመ ሰም የሌለው ፍሬም ላይ ንቧ እንዳሻት አጣማ ትሠራለች፤ ከዚያ ፍሬሙ አይወጣም፣ ዘመናዊው ቀፎ ባህላዊ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ከገበያ የሚመጣው አንዳንዱ ከፋብሪካ ሰም ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ንቦች አይቀበሉትም፤ በጸሐይም ይላላል። አንዱ ማኅበራችን ውስጥ ከተተከሉት ዘመናዊ ቀፎዎች እኩሌታው ባዶውን የቆመው ንብ ጠፍቶ ሳይሆን በዚህ የተነሣ ነው። የራሳችንን ሰም ብንጨምቅ፣ ጧፉን ለላሊበላና ለሰቆጣ አድባራት ብናቀርብ፣ የተረፈውን አትመን ለቀፏችን ብናውል ሳጥኑ ሥራ ይጀምራል።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኋችሁ ነገር ልመለስ፤ ዕዳ ስላለብን ጥሬ ማር ቆረጥን ወዳሉት። ማከማቻ ቤት ብቻውን ይህንን አይፈታም። ቤቱ ቢሠራ፣ ቁልፉም ቢኖር፣ በጥቅምት የማዳበሪያ ዕዳና የልጅ ልብስ የያዘው አባል ማሩን ለነጋዴው ነው የሚሰጠው፤ ነጋዴው ገንዘብ ይዞ በራፉ ላይ ቆሟልና። ስለዚህ ማር ላስረከበ አባል ዩኒየኑ በዕለቱ ከዋጋው የተወሰነውን እጅ እንዲከፍል፣ ቀሪውን ማሩ ሲሸጥ እንዲያስብለት የቀረበው ሐሳብ ከቤቱ ይልቅ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ ለሁለቱም ካልበቃ ቤቱ ይቆይ፤ ለጊዜው የአንድ ማኅበር መጋዘን አጽድተን ልንጠቀም እንችላለን፣ ጣሪያው እንዳያፈስ ከተጠገነ። ይህ አቋም የእኔ ብቻ ነው፤ ቦርዱ ከዚህ የተለየ ሐሳብ ሊኖረው ይችላል።

ትርፉ ይከፋፈል ለሚሉትም አንድ ነገር ልበል። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ከጦርነቱ ወዲህ ቤቱን ያልጠገነ አባል አለ፤ ለእርሱ በእጁ የሚገባ ጥቂት ብር ከመጭመቂያ ይበልጥበታል። ያንን አባል ስግብግብ ነው ብሎ መናገር ነውር ነው፤ ባለፈው የወረዳ ስብሰባ ላይ የሰማሁት እንዲህ ያለ ንግግር አላስደሰተኝም። አማራጩ ግን ሙሉ በሙሉ መስጠት ወይም ሙሉ በሙሉ መከልከል ብቻ አይደለም። ከትርፉ ከፊሉ ተከፋፍሎ ከፊሉ ለቅድሚያ ክፍያውና ለመጭመቂያው ቢውል፣ መጭመቂያውም በየማኅበሩ እየተዘዋወረ እንዲሠራ ቢደረግ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ማኅበራት ብቻ ቢጀምሩት ምን እንደሚያወጣ በዓይናችን እናየዋለን። ጽጽቃ ለመጀመር ፈቃደኛ ነው፤ ይህንን እንድናገር አባላቱ ወስነው ልከውኛል።

ከጉዞው የተረፈች አንዲት ነገር ይዣለሁ። በአዳራሹ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጧፎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ከከተማ የተገዛ የፋብሪካ ነው፣ ሁለተኛው ባለፈው ኅዳር ጽጽቃ ውስጥ ሦስት እናቶች ከራሳቸው ሰፈፍ የሠሩት። ለምሳ ስትወጡ ሁለቱንም ለኩሳችሁ የሚያፈስሰውንና የሚያጨሰውን፣ የሚሸተውንም ለዩ። አሠራሩን ለሚጠይቅ እናቶቹ ራሳቸው እዚያ ቆመዋል። ክብሪቱ ከእነርሱ ዘንድ ነው።